መስጊድ የገባው በያይነቱ
ኡጋንዳ፣ ኦልድ ካምፓላ በሚባለው ሰፈር፣ ከትልቁ መስጊድ ቁልቁል ትንሽ ምግብ ቤት አለኝ። ከዓመታት በፊት ጀርመን የገባችው የድሮ ደንበኛዬ ኸድጃ ባለፈው ሳምንት ሳላስባት ከች አለች። ደስታው አሳውሮኝ ጥብስ አቀረብኩላት። ሙስሊም መሆኗ፣ ክርስቲያን ያረደውን እንደማትበላ ትዝ ያለኝ ሳህኑን ካስቀመጥኩ በኋላ ነው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

"እትዬ ብዙነሽ፣ እንደ ድሮው የጾም በያይነቱ ያምጡና አብረን እንብላ" አለችኝ እየሳቀች።

እየበላን ስልኳን አውጥታ ፎቶ አሳየችኝ። "እዚያ ጀርመን ድሮ ጋራዥ ውስጥ፣ ከሰው ዓይን ርቀን ነበር የምንሰግደው። አሁን መስጊዳችን በረመዳን ጎረቤቱን ሁሉ ይጋብዛል። ምርጫ ሲደርስ ተወዳዳሪዎቹ እኛ ዘንድ መጥተው ይከራከራሉ።"

ፎቶው ላይ የከተማዋ ከንቲባ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው እንጀራ ይጠቀልላሉ።

"ሁሉም አብሮ የሚበላውን ከእርስዎ አይደል የተማርኩት?" ብላ ፎቶውን አጎላችልኝ።

ከእንጀራው ትሪ ፊት በቆመችው ካርድ ላይ፣ በጀርመንኛው መሃል፣ በአማርኛ "የብዙነሽ በያይነቱ" ይላል።