ማሽኑን በቁልፍ ሳንኳኳው

ባለፈው ዓርብ አንድ የማሽን ሱቅ ውስጥ ከባለሱቁ ጋር ተጨቃጨቅሁ... እኔ፣ ስለ ማሽን ምንም የማላውቅ ሴት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጃችን ዳኒ ታሞ ካረፈ ዓመት አልፎታል። እሱና አባቱ ሺምሾን በሚባለው ሰፈር ካለው ሕንጻችን ሥር ያለችውን ማኽሳን፣ የዕቃ ማስቀመጫዋን፣ የሥራ ቤት አድርገዋት ነበር። ሁሉም ተሟልቶ ጠረጴዛው ላይ አንድ ቦታ ባዶ ቀረ። ለካርሶሜት ነው፤ ብረት እየፋቀ ቅርጽ የሚያወጣ ትንሽ ማሽን። እሱን ሳይገዙ ዳኒ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ባለቤቴ ማኽሳኑን ከፍቶ አያውቅም። ከፋብሪካ ይመጣል፣ ሶፋው ላይ ይቀመጣል... ዝም ይላል።

እኔም ማሽኑ ቢገባ እሱም ተከትሎ ይገባ ይሆናል ብዬ አሰብኩ።

ሱቅ አድርሰኝ ስለው «አደርስሻለሁ፤ ከመኪናው ግን አልወርድም» አለኝ።

«ማን ውረድ አለህ?» አልኩትና ብቻዬን ገባሁ።

ባለሱቁ ከሩሲያ የመጣ ሽማግሌ ነው። የሁለታችንም ዕብራይስጥ እኩል የተሰበረ ስለሆነ ተግባባን። ሁለት ትንንሽ ማሽኖች አሳየኝ። ለእኔ ሁለቱም አንድ ናቸው...

ያን ጊዜ አባቴ ትዝ አለኝ። ጎንደር ሳለን ባለ እጅ ነበር፤ ማረሻ ይቀጠቅጣል። ማረሻውን በጠፍር አንጠልጥሎ መታ ያደርገዋል። ድምፁ ረዥም ከሆነ ደህና ነው፤ ከታፈነ ውስጡ ተሰንጥቋል። እኔም የቤቴን ቁልፍ አውጥቼ አንኳኳሁ። አንደኛው «ድም» ብሎ ቀረ። ሁለተኛው «ኪንንን» አለ። ደስ አለኝ።

«ግቬሬት፣ ይኼ በር አይደለም፤ ማንም አይከፍትልሽም» አለ ሽማግሌው፤ ግቬሬት እመቤት ማለቱ ነው።

«የሚጮኸውን ስጠኝ።»

«አይሆንም። ያኛው ይሻልሻል።»

«ያኛውማ ተሰንጥቋል። የተሰነጠቀ ልትሸጥልኝ ነው?»

ራሱን ያዘ። እሱ ዝም ያለውን ማሽን አቅፎ ይምላል፤ እኔ የሚጮኸውን በቁልፌ እየመታሁ እከራከራለሁ። ጫጫታችን ውጭ ድረስ ተሰማ መሰለኝ፣ ዞር ስል ባለቤቴ በሩ ላይ ቆሟል። ከመኪናው ወርዷል።

«ና ስማ፣ አንተ ፍረድ» ብዬ ሁለቱንም አንኳኳሁለት።

ሰማ። ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ። ሊያለቅስ ነው ብዬ ፈራሁ... ሳቀ። ግድግዳውን ተደግፎ፣ እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

«የዳኒ እናት፣ ማረሻ ነው እንዴ የምትገዢው? ማሽን ሥራ ላይ ይንቀጠቀጣል። የሚጮኸው ንዝረቱን ይዞ ይቆይና ሥራውን ያበላሻል፤ ድም የሚለው ከባዱ ግን ይውጠዋል። ዳኒ ራሱ ስንቴ ነገረኝ፣ ‹አባ፣ ከባዱን ነው የምንገዛው› እያለ።»

የዳኒ እናት... ዓመት ሙሉ እንዲህ ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም።

ከዚያ እጅጌውን ሰበሰበ። መዘውሩን ወደፊት ወደኋላ እያዞረ አለመላላቱን ፈተሸ። በቤት መብራት ይሠራ እንደሆነ ጠየቀ። ርዝመቱን በስንዝር ለካ። ባለሱቁ ሰንበት ሊገባ ነው እያለ ሰዓቱን ያያል፤ የእኔው ሰው ግን አልቸኮለም።

«ግቬሬት፣ ይኼን ሰውዬ የት ደብቀሽው ነበር?» አለኝ።

«መኪና ውስጥ» አልኩት።

ቤት ስንደርስ ማሽኑን በጎረቤት እርዳታ አወረደው። ማኽሳኑን በራሱ እጅ ከፈተው። ማሽኑ ዳኒ በተወለት ቦታ ላይ ልክ ገጠመ። ትንሽ አለቀስን፤ ከዚያ እጃችንን ታጥበን ሰንበትን ተቀበልን።

ዝምተኛውን ማሽን ገዛን። ባለቤቴ ግን ከዓርብ ወዲህ ስለ እሱ ሲያወራ አፉ አልተዘጋም... እስቲ እሱን ደግሞ በምን አንኳኩቼ ዝም ላሰኘው?