የአያ አስረስ ማረሻ

ቀጥቃጩ ኡበይድ ብረት ሲመርጥ ሚስት የሚመርጥ ነው የሚመስለው። ያገላብጣል፣ በመዶሻ መታ አድርጎ ድምፁን ያዳምጣል፣ ከሚሽከረከረው መሳያ ድንጋይ አስነክቶ ፍንጣሪውን ያያል፤ ከዚያ ያኮርፍና ወደ ሌላው ይሄዳል። ሐይቅ ከተማ ዳር፣ ወደ ውጫሌ በሚወስደው መንገድ ባለችው ዳሱ ውስጥ የተሰበረ ሞረድና የዛገ የመኪና ባሌስትራ ተቆልሏል። ለጌጥ ቢላዋ የሚያምነው ባሌስትራን ነው። ጠንካራ ነው፤ ሲወለወልም ፊት ያሳያል።

ስህን ከደሴ ይዛለት የመጣችውን ብረት ግን ዓይኑ አልወደደውም። ያለቀ ማረሻ ነበር። አርዲቦ ዳር ሲያርሱ የኖሩት አባቷ አያ አስረስ ዘንድሮ ሞተዋል፤ በሬዎቹ ተሸጠው፣ መሬቱን ወንድሞቿ ተካፍለው፣ ለእሷ የደረሳት ይኸው ነው። ግድግዳዬ ላይ የምሰቅለው፣ እንደ መስታወት የሚያበራ ቢላዋ አድርግልኝ አለችው።

ማረሻ ለስላሳ ብረት ነው፣ ስለት አይወጣውም ሊላት አፉን ከፈተና ፊቷን ሲያይ ዋጠው። አንድ ዘዴ አለ። የሞረድ ብረት መሐል አድርጎ፣ ማረሻውን ከግራ ከቀኝ አልብሶ በእሳት ማጋጠም ነው። ካልያዘ ግን ማረሻውም አብሮ ይበላሻል፤ የሞተ ሰው ደግሞ ሌላ ማረሻ አያመጣም።

“አብሽሪ፣ እታለም” ብሎ ሸኛት።

ሰው ነውና እሷ እንደሄደች ሸይጧን ሹክ አለው። ከባሌስትራው ሠርተህ ብታበራላት ማን ያውቃል? እውነቱን ለመናገር አንዱን አንስቶም ነበር። ግን አያ አስረስ ክረምት ሲገባ ማረሻቸውን ተሸክመው ወደ አባቱ ወደ ሀሚዱ ሲመጡ ትዝ አሉት፤ “አስተግፊሩላህ” ብሎ መለሰው።

ሚስቱ ሳጂዳ ወናፉን ያዘች። ብረቱ ነጭ እስኪሆን ጠበቀና መታው። መጀመሪያ ድምፁ ሁለት ነበር፤ የሞረዱ ለብቻ፣ የማረሻው ለብቻ። ደግሞ አግሎ መታው። አሁን ድምፁ አንድ ሆነ። ተጋጥሟል። ከማረሻው ጣት የምታክል ቁራጭ ተርፋ መሬት ወደቀች።

ቢላዋውን በሞረድ አስተካክሎ፣ ከመወልወሉ በፊት እድፉ እንዲለቅ ትኩስ የሎሚ ጭማቂ ቀባው። ያን ጊዜ ከብረቱ ውስጥ መስመር ብቅ አለ። ከሥሩ ሌላ፣ ከሥሩም ሌላ፤ ጥቁርና ብርማ፣ ነፋስ የነካው ውኃ ይመስላል። “ሱብሃነላህ” አለና ቁጭ አለ። ምን እንደሆነ ገብቶታል። ማረሻ ጫፉ ባለቀ ቁጥር አዲስ ብረት ይቀጠልለታል፤ ይህን ማረሻ በየጊዜው ሲቀጥል የኖረው አባቱ ነበር። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች ይባል የለ፣ ኡበይድ አባቱ በእጁ የሠራው አንድ ሚስማር እንኳ አልቀረለትም። የሀሚዱን ሥራ ሁሉ አፈር በልቶታል ብሎ ነበር የሚያምነው።

ስህን መጥታ ስታየው ቅር አላት፤ አያበራም። ኡበይድ መስመሮቹ የማን እጅ እንደሆኑ ነገራት። ብርጭቆ ወረቀቱን አንስቶም፣ “ከወለወልኩት ይጠፋል። ግን ያንቺ ነው፤ አብራው ካልሽኝ አበራዋለሁ” አላት። አብራው እንዳትለው ፈርቷል።

እሷ መስመሮቹን በጣቷ ቀስ እያለች ተከተለች። አባቷ በየዓመቱ እዚህ ድረስ በእግራቸው ሲመላለሱ ታዩዋት።

“አትንካው” አለች።

ከመሄዷ በፊት ጎንበስ ብላ ቁራጯን ከመሬት አነሳችና መዳፉ ላይ አኖረችለት። “ይቺ ደግሞ ያባትህ ድርሻ ናት፣ ወንድምዓለም።”

 የተሳፈረችባት ባጃጅ ስትርቅ ነው ኡበይድ ዞሮ፣ ቁራጯን ሊቀባ የተረፈውን ሎሚ መፈለግ የጀመረው።