የባቡሯ ፖርቶመጋላ

ባቡር ደርሶ በማያውቅባት በመርሐቤቴዋ ዓለም ከተማ ስለ ባቡር የማያውቅ ሰው የለም። ሞባይል ጠጋኟ ወሰንየለሽ ይህን የተረዳችው፣ የምድር ባቡር ጡረተኛው አባባ አትናቴዎስ ከድሬዳዋ ይዘው የመጡትን ክንድ የማታህል አሮጌ የባቡር ሞዴል ሲያስረክቧት ነው።

«መብራቷም፣ ጥሩንባዋም፣ መወጣጫዋም ረግፈዋል። ካስዋብሽልኝ ለእጅሽ እኔ ምስክር ነኝ» አሏት።

ምስክር ያስፈልጋት ነበር፤ አገሬው «ሴት ምን ሽቦ ታውቃለች» እያለ የተበላሸ ስልኩን ይዞ አዲስ አበባ ድረስ ይሄዳልና።

ከቻርጀር ሽቦ መወጣጫ፣ ከባትሪ አምፖል መብራት፣ ከእስክሪብቶ ጫፍ ጥሩንባ ሠራች። የከተማው ሊቃውንት ግን በሯን ከበው «ፖርቶመጋላስ? በጉ ምን ላይ ሊጫን ነው?» ብለው ጮኹ። የሊቃውንት ጉባኤ መቼ ተሳስቶ ያውቃል! አመነቻቸውና ጣራው ላይ እንደ አውቶቡስ ፖርቶመጋላ በየደችበት።

አባባ አትናቴዎስ መነጽራቸውን አጥልቀው መወጣጫውን በጥፍራቸው ነካ፣ ጥሩንባውን ነካ አደረጉ። ጣራው ላይ ሲደርሱ በሳቅ ትን አላቸው።

«ልጄ፣ ባቡር ላይ በግ በፉርጎ እንጂ በጣራ አይሄድም!»

ሊቃውንቱ ወዲያው «እኛም ብለናት ነበር» አሉ። ወሰንየለሽ ፊቷ ቀልቶ መበየጃዋን አነሣች።

«ተይው!» አሉ ሽማግሌው። «የድሬዳዋው ባቡር አያስፈልገውም ነበር። መርሐቤቴ የሚመጣው ግን ያስፈልገዋል፤ የእኛ ሰው በጉን ጣራ ላይ ካልጫነ የሄደ አይመስለውም።»

ከዚያም የራሳቸውን የተበላሸ ስልክ አውጥተው ሁሉም እያየ በእጇ አኖሩት። ከሊቃውንቱም አንዱ ኪሱን መዳበስ ጀመረ።