ባዶ እጄን ቤት የገባሁ ቀን

የትኩስ ዳቦ ሽታ ባወደኝ ቁጥር መካነ ሰላም ገበያ መሀል ዘንጌን ይዤ የቆምኩ ይመስለኛል። ልጅ እያለሁ፣ ዓይኔ ስለማያይ፣ ትምህርት ቤት የምታደርሰኝና የምትመልሰኝ እህቴ ብርቱካን ነበረች። ዓረብ አገር መሄዷ ሲቆረጥ ቤቱ ሁሉ የሷን ነገር ሲያወራ እኔ በሆዴ «እኔንስ ማን ሊያደርሰኝ ነው?» እላለሁ። አባቴ ቁርጡን ነገረኝ፤ የሚመራኝ ከሌለ ቤት መቀመጤ ነው።

የልዩ ፍላጎት ክፍላችን መምህርት ቲቸር ሙሉ በየመንፈቅ ዓመቱ ለያንዳንዳችን አንድ እቅድ ትሰጠን ነበር። የከድር እቅድ የሸሚዙን ቁልፍ ራሱ መቆለፍ ነበር። የተሳካለት ቀን ስናጨበጭብለት ጊዜ ደስ ብሎት ፈታውና እንደገና ቆለፈው! የኔን ጭንቀት ስትሰማ «በቃ፣ ያንቺ እቅድ ብቻሽን ቤትሽ መግባት ነው» አለችኝ። መንገዱን በጆሮዬ አስጠናችኝ፤ ወፍጮ ቤቱ ዱክ ዱክ ሲል ወደ ቀኝ፣ የመናኸሪያ ረዳቶች «ደሴ! ደሴ!» ሲሉ ቀጥታ፣ እትዬ ዘነቡ ዳቦ ከሚሸጡበት ስደርስ ደግሞ ወደ ሰፈራችን መታጠፍ።

መንገዱ አላስቸገረኝም። ያስቸገረኝ የሰው ደግነት ነው! ያገሬ ሰው ዘንግ የያዘ ዓይነ ስውር ሲያይ እጁ ወደ ኪሱ ይሮጣል። ደብተሬን ታቅፌ ስሄድ አንዱ ሳንቲም፣ ሌላው ቆሎ ያስጨብጠኛል። እትዬ ዘነቡማ ጭራሽ ሙሉ ዳቦ! «እንኪ ልጄ፣ ለነፍሴ ይሁንልኝ» ይሉኛል። እምቢ እንዳልል፣ የተሰጠ እህል መግፋት ነውር ነው ተብዬ ነው ያደግሁት። እንደዚያ ታቅፌ ስገባ አባቴ የያዝኩትን ከእጄ ተቀበለኝ። «ልጄ ለማኝ ሆነች ሊባል ነው? ሁለተኛ እንዲህ ይዘሽ ከመጣሽ ትምህርቱ ይቀራል» አለኝ። ተቆጥቶ ብቻ አልነበረም፤ አፍሮ ነበር።

በማግስቱ ለቲቸር ሙሉ እያለቀስኩ ስነግራት ሳቀች። እንዴት እንደተናደድኩባት! «አብሽሪ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፤ እቅድሽን ሳልጨርሰው ነው የሰጠሁሽ» አለች። አሁን እቅዴ ብቻዬን፣ ባዶ እጄን ቤት መግባት ሆነ። እሷ እየሰጠችኝ እኔ እምቢ እያልኩ ክፍል ውስጥ ተለማመድን። ከድርም ቁራሽ እያመጣ ይፈትነኛል፤ እምቢ ስለው ራሱ ይበላዋል።

ከልምምዱ በኋላ ወደ ቤት ስመለስ እትዬ ዘነቡ ጋ ደረስኩ። ትኩሱ ዳቦ መዳፌን ነካው።

«እግዜር ይስጥልኝ እትዬ፣ ግን አልወስድም። ከትምህርት ቤት እየመጣሁ ነው። ተማሪ ነኝ።»

ዳቦውን ከመዳፌ አነሱት። ተቀየሙኝ ብዬ ልሞት ደረስኩ።

«አበስኩ ገበርኩ! ተማሪ ነሽ እንዴ? ስንተኛ ክፍል ነሽ የኔ እናት?»

ገበያ ላይ ይህን የጠየቀኝ ሰው ኖሮ አያውቅም። «ሁለተኛ!» ብዬ ጮህኩ፣ መናኸሪያው ሁሉ እስኪሰማ።

ቤት ገብቼ ሁለቱንም መዳፌን ለአባቴ ዘረጋሁለት። በሻካራ እጁ ዳበሳቸው። «ነገ ማልደሽ ተነሺ፣ እንዳታረፍጂ» አለኝ።

ዛሬ በዚያው ክፍል እቅድ የምሰጠው እኔ ነኝ። ቲቸር ሙሉ ጡረታ ወጥታለች፤ ስደውልላት ከሰላምታው ቀድማ «ልጆችሽ የት ደረሱ?» ትለኛለች። ውለታዋን በምን እንደምከፍላት አላውቅም። ገበያውን ባጃጅ ሞልቶታል፤ ወፍጮውም መብራት ገብቶለት እንደዱሮው አይጮህም። የዳቦው ሽታ ግን እዚያው ነው። ሰሞኑን ዓይነ ስውር ተማሪዬን ሀያትን መንገዱን ላስጠናት ወጣን። እሷ ፊት ፊት፣ እኔ ከኋላ። እትዬ ዘነቡ ጋ ስንደርስ የዳቦው መሶብ ሲንቋቋ ሰማሁና ዳቦ ሊሰጧት ነው ብዬ ሰጋሁ።

«ነይ እስቲ የኔ እናት» አሉ፣ በእርጅና በሰለለ ድምፃቸው። «ስንተኛ ክፍል ነሽ?»

«አንደኛ!» አለች ሀያት፣ መናኸሪያው ሁሉ እስኪሰማ።