ዋርካው ላይ ያየሁት ብርቅ ወፍ

አርባ ምንጭ በገባን በሦስተኛው ቀን፣ ጎህ ሲቀድ፣ አንድ አውራ ዶሮ አይቼ ብርቅ ወፍ ነው ብዬ ደብተሬ ላይ ጻፍሁ። ሌላው ሰው ሲሳሳት ጭልፊትን ከአሞራ ያምታታል። እኔ ያምታታሁት ዶሮን ነው።

ወፍ ማየት ከጀመርሁ ገና ሦስት ቀኔ ነበር። መካኒሳ አቦ አርባ ዓመት በጉርብትና አብሮኝ የኖረ ወዳጄ፣ "ጡረታ ወጥተህ እቤት ከምትሻግት ና ለዕረፍት እንሂድ፤ ወፍ አስተምርሃለሁ" ብሎ ጎትቶ ወሰደኝ። እኔ የማውቀው ቁራና እርግብ ነው። እዚያ ግን ዛፉ ሁሉ እንግዳ ወፍ ነው፤ አንዱ ሰማያዊ ካፖርት የለበሰ ይመስላል፣ የአንዱ ምንቃር ከራሱ ይረዝማል። ባለ ሥዕሉን መጽሐፍ ስገልጥ ወፉ ይበራል፣ ወፉን ስፈልግ ገጹ ይጠፋኛል። ያን ማለዳ ታዲያ ዋርካው ላይ ጭራው እንደ ማጭድ የታጠፈ ጥቁር ነገር በርቀት መነጽሬ ሳይ ልቤ ዘለለ። ለወዳጄ በሹክሹክታ፣ "እንዳትንቀሳቀስ! ይሄ ከባሕር ማዶ የመጣ መሆን አለበት" አልሁት።

ወፌ አንገቱን አስግጎ ኩኩሉ አለ።

ወዳጄ ሣሩ ላይ ተንከባለለ። እኔ ግን ለማንም እንዳይናገር ለመንሁት። በሰፈራችን ለበዓል ዶሮ የምመርጠው እኔ ነኛ! ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የቀረችኝ ሹመት እሷ ብቻ ናት። በዓል ሲደርስ ጎረቤቱን አስከትዬ ሀይሌ ጋርመንት ዶሮ ገበያ እወርዳለሁ፤ ደረቱን ዳብሼ፣ እግሩን አይቼ፣ ሽማግሌውን ዶሮ ከጎረምሳው እለያለሁ። ይሄ ከተሰማ አለቀልኝ።

"አቦን! ለማንም አልናገርም" ብሎ ማለልኝ።

ለካ በስልኩ ሲቀርጸኝ ነበር። ለፋሲካ ሁለት ቀን ሲቀር ቪዲዮው በዕድራችን ቴሌግራም ላይ ተለቀቀ፤ ሹክሹክታዬም፣ ኩኩሉውም።

ወዳጄ በር ላይ ሄጄ ቆሜ፣ "በአቦ ምለህልኝ አልነበር?" አልሁት።

"አልናገርም ብዬ ነው የማልሁት። ተናገርሁ? ላክሁ እንጂ! ደግሞ አንተ ሰውዬ፣ ቀልድ አታውቅም እንዴ?"

ቀልድማ አውቃለሁ። በራሴ ላይ ከኔ በላይ የሚቀልድ የለም፤ ግን እሱ የኔ ሥራ ነው፣ ለሰው አላከራየሁም።

ቅዳሜ ጠዋት እንደ ወጉ ለባብሼ ደጅ ቆምሁ። የጠራኝ የለም። ጎረቤቶቼ አንገታቸውን ደፍተው፣ ሳቃቸውን ውጠው በፊቴ አለፉ። ከፊት የሚመራቸው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ወዳጄ! ከቪዲዮው ይልቅ ያ አንገበገበኝ።

ልገባ ዞር ስል፣ አጥር የምትጋራኝ ልብስ ሰፊ ዘንቢሏን ይዛ ወጣች።

"ጋሼ፣ ምን ይገትርዎታል? ዶሮ አለቀ እኮ!"

"ልጄ፣ ቪዲዮውን አላየሽም?"

"አይቼዋለሁ። እኔ ከዛፍ ላይ አልገዛም፤ ከመሬት ይምረጡልኝ።"

ገበያው ስንደርስ ወዳጄና ተከታዮቹ ማዶ ቆመው ያዩኛል። እኔም ልታይ ብዬ፣ ደረቱን ሳልዳብስ፣ እግሩን ሳላይ፣ ከሁሉ የሚተልቀውን ገብስማ ብድግ አደረግሁ።

በፋሲካ ጠራችኝ። ያ ዶሮ በደርግ ጊዜ የተፈለፈለ ሳይሆን አይቀርም፤ ስትቀቅለው አድራ እንኳ ከቀሩኝ ጥቂት ጥርሶች ጋር ትግል ገጠመ። መሐል ላይ ወዳጄ "እንኳን አደረሳችሁ!" እያለ ገባ። ዓይኑን ወደኔ ጣል አድርጎ፣ "ብርቁ ወፍ እንዴት ነው? በሰለ?" አላት።

እሷ ፈገግ እንኳ ሳትል፣ "ቅቤ ነው ጋሼ። እንዲህ ያለ ዶሮ በልቼ አላውቅም" አለች። የመጨረሻው እንኳ እውነት ነው። እኔ እያላመጥሁ ስለነበር መናገር አልቻልሁም።

ከወዳጄ ጋር አሁን ሰላምታችን በአንገት ነው። ለእሷ ግን አንድ ለጋ ዶሮ አለብኝ። እስካሁን አልከፈልሁም፤ ገበያ በወጣሁ ቁጥር መምረጥ እየፈራሁ ባዶ እጄን እመለሳለሁ።