ነገር ማቋረጥ የተማረች ልጅ

በሰባ ሰባቱ ድርቅ፣ መካነ ሰላም ላይ ቀበሌው በከፈተው የሕፃናት ማቆያ ሞግዚት ነበርኩ። እውነቱን ልናገርና ነሲባ መጀመሪያ ስትመጣ አልወደድኳትም።

ነሲባ የእርዳታ እህል መጋዘን ውስጥ ታበጥር ነበር። የአራት ዓመት ልጇን ሩቂያን ይዛት እንዳትውል ልጅቷ አስም አለባት፤ የእህሉ ብናኝ ያፍናታል። የሩቂያ ታላቅ ወንድም ሷሊህም ያው ሕመም ነበረበት። አምና ትንፋሽ ሲያጥረው አያቱ ሼህ ጀብሪል ከእንግዶች ጋር ያወጉ ነበር። ትልቅ ሰው ሲናገር አይቋረጥም ተብሎ ያደገው ልጅ በር ላይ ቆሞ ጠበቀ። እንግዶቹ ሲሸኙ ሷሊህ አልተረፈም።

«በለጡ፣ ሩቂያም ጨዋ ናት» አለችኝ። «የሚያስፈራኝ ይኸው ነው።»

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» አልኳት፤ እኛም እንዲያ እየተባልን ነው ያደግነው።

«ትንፋሽም አይገባበትም» አለችና ቤቷ ወሰደችኝ።

ሼህ ጀብሪል ደረሶቻቸውን፣ ተማሪዎቻቸውን፣ ኪታብ ያስቀራሉ። ሩቂያ ለልምምድ መሀል ገብታ፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «ያዘኝ» ማለት አለባት። ልጅቷ ግን አንገቷን ደፍታ እስኪጨርሱ ትጠብቃለች። እናቷ ትመልሳታለች፤ እንደገና ትጠብቃለች። ሳቄ መጣ። ልጇን ለማባለግ እንዲህ የምትለፋ እናት አይቼ አላውቅም።

በመጨረሻ ሼሁ ኪታቡን ዘጉና «ነይ እናቴ፣ አቋርጪኝ» አሏት። ድምፃቸውን ስሰማ ሳቄ ጠፋ፤ አፈርኩ። በሳምንቱ ሩቂያ ቃላቸውን መሀል ላይ መቁረጥ ቻለች።

ማቆያው በተከፈተ በሦስተኛው ሳምንት የቀበሌው ሊቀ መንበር ሊጎበኝ መጣ። የትናንት ልጅ ነው፤ ንግግር ግን ይወዳል። ሕፃናቱን አቧራ ላይ አሰልፎ ስለ አብዮቱ ሲያስረዳ ሩቂያ ከሰልፉ ወጣች። ፊቱ ሄዳ ቆመችና «ያዘኝ» አለች። ደረቷ ሲር ሲር ይላል። አንስቼ ወደ ክፍል አስገባኋት፤ ቀና አድርጌ አስቀምጬ ለብ ያለ ውሃ አጠጣኋት። ትንፋሿ ቀስ በቀስ ተመለሰላት።

ሊቀ መንበሩ ንግግሩ ስለተቋረጠ ተቀይሞ ከሰዓት በኋላ ቤተሰቡን አስጠራ። በሰው ሁሉ ፊት «ይቺን ባለጌ ማን ነው ያሳደጋት?» አለ።

ነሲባ አፏን ስትከፍት ሼህ ጀብሪል ቀድመዋት ተነሱ። አገሩ ሁሉ፣ ክርስቲያኑም ጭምር፣ ልጁን ሲገሥጽ ስማቸውን የሚጠራ የጨዋነት ምሳሌ ናቸው።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ያስጠናኋትም እኔ ነኝ። ነገም ታቋርጥሃለች፣ ልጄ።»