የማይያዝ ሙቀት

ልጆቼን ያሳደግኩት «የጀመሩትን ሳይጨርሱ መነሣት ነውር ነው» እያልኩ ነው። ብየዳን ማንም አላስተማረኝም፤ ያገኘሁትን እያነበብኩ፣ እጄን እያቃጠልኩ ለመድኩት። ስለዚህ ትልቋ ልጄ የዩኒቨርሲቲ ጥናቷን ጥላ ደብረ ብርሃን ቤታችን መጥታ ስትተኛ ስንፍና መሰለኝ።

የምታጠናው ፕላዝማ ስለሚሉት፣ ከፀሐይ ይልቅ ስለሚግል ጋዝ ነው። በማግኔት አፍነው ሊይዙት ይሞክራሉ፤ ቢያዝ ለዓለም መብራት ይሆናል። ነገር ግን መሃሉ እጅግ ይግላል፣ ጠርዙ ይቀዘቅዛል፤ በሁለቱ መካከል ጋዙ እንደ ወንዝ አዙሪት እየተሽከረከረ ሙቀቱን ወደ ውጭ ያወጣዋል። የእሷ ሥራ ምን ያህል እንደሚወጣ በኮምፒውተር ማስላት ነበር። ስሌቷ በመሣሪያ ከተለካው ጋር አልገጥም አለ። እስከ ሰኔ ካላስረከበች ትሰናበታለች።

«እሳቱን ጨምሪበታ» አልኳት።

«በጨመርኩ ቁጥር አዙሪቱ ይብሳል አባዬ። የጨመርኩትንም ይዞት ይወጣል።»

«እንግዲያው ማግኔቱን አጥብቂው።»

«አንተ ሁሉም ነገር በማጥበቅ የሚሆን ይመስልሃል» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

እህል መቅመስ ስታቆም ጎረቤታችን መጣች። «ይሄ ዓይነ ጥላ ነው፤ ተማሪ ላይ ነው የሚያርፈው። አንኮበር ጸበል ውሰዳት እንጂ ምን ትጠብቃለህ?» አለችኝ። በጸሎት አምናለሁ፤ ሰው ትምህርት በከበደው ቁጥር ጋኔን መፈለግን ግን ዕድሜ ልኬን ስነቅፍ ኖሬያለሁ። ሌላ የማውቀው መንገድ ስላልቀረኝ ወሰድኳት።

ተራችን ሲደርስ ካህኑ «ምኗን ነው የሚያማት?» አሉኝ።

«ሙቀት አልቆይላት ብሎ ነው» አልኳቸው።

«ብርድ ብርድ ይላታል ማለት ነው?»

ልጄ ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀች። «ታማሚው ፕላዝማው ነው አባ፤ እኔ አስታማሚ ነኝ።»

ካህኑ ነገሩ ባይገባቸውም አልተቆጡም። «እሱንም አምጪው፤ ጸበል ለማንም አይከለከልም» አሉ።

ከውኃው ስትወጣ ጥርሷ ይንገጫገጭ ነበር። ከቤት ያመጣሁትን የሱፍ ባና ደረብኩላት። ከገደሉ ሥር ጉሙ ከቆላ እየተጠቀለለ ይወጣል፤ ቆማ ስታየው ቆየችና «እንደዚያ ነው የሚያመልጠኝ» አለች።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ስልኳን አውጥታ ለመምህሯ የጻፈችውን አሳየችኝ። ጥናቱን አቁሜያለሁ ይላል።

«ላክሽው?»

«አልላክሁትም። ልላከው?»

ዕድሜ ልኬን ስናገረው የኖርኩት ቃል ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ቀና ብዬ አየኋት። አጥንቷ ወጥቷል፤ ዓይኗ ከእኔ ፍርድ እንደሚጠብቅ እስረኛ ነው።

«ላኪው» አልኳት።

ላከችው። ደግ ሠርቼ እንደሆነ፣ ወይስ ልጄን መሃል መንገድ ላይ ጥያት እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። ባናው ሥር እጇን ፈልጌ ያዝኩት፤ በረዶ ነበር። ደብረ ብርሃን እስክንገባ በሁለት እጄ እንደያዝኩት ነበርኩ፤ አልሞቀም።